በሰማይ ላይ የለቀቅሁት ወንበር

ልጄ ስምንት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችውን ነገር እኔ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለማላውቀው ሰው ሰጥቼዋለሁ። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማመስገን አይደለም። የሰጠሁት ደግ ስለሆንሁ እንዳልነበር ከዚህ በታች ይታያል።

ነገሩ ማይል ይባላል። ልጄ ባሕር ዳር ውስጥ ኮሌጅ ታስተምራለች፤ የምታጠናው ጣናን የወረረውን እምቦጭ የተባለውን አረም ነው። በዚህ አረም ምክንያት በየዓመቱ ለስብሰባ ውጭ አገር ትሄዳለች፤ እኔም በየዓመቱ እቆጣታለሁ። «አረሙ ያለው እዚህ፣ አንቺ ያለሽው ሰማይ ላይ፤ በምን እጅሽ ልትነቅይው ነው?» እላታለሁ። እሷ ሻንጣዋን ትሸክፋለች። ለካ በበረረች ቁጥር አየር መንገዱ የተጓዘችውን ርቀት በስሟ ይመዘግብላት ኖሯል፤ ይህም ሲጠራቀም እንደ ቲኬት ያገለግላል። እኔ ስቆጣ እሷ ስታጠራቅም ስምንት ዓመት አለፈ።

ባለፈው ዓመት እምቦጩ መጣበት ወደሚባለው አገር ወደ ብራዚል ለጥናት ሄደች። ዘጠኝ ወር ሳንተያይ ከቆየን በኋላ አንድ ቀን ደወለች።

«አባዬ፣ ማይሌ ሞልቷል። ወይ እኔ ለገና መጥቼ አያችኋለሁ፣ ወይ አንተን በአንደኛ ማዕረግ አመጣሃለሁ። አንተን መርጫለሁ» አለችኝ።

«አንደኛ ማዕረግ ለምን አስፈለገ? ከኋላ ያለው ሰው አይደርስም?»

«ይደርሳል። የአንተ ወገብ ግን አይደርስም።»

እውነቷን ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት በፋብሪካ ውስጥ ከሽመና ማሽን ሥር እየተንጋለልሁ ስጠግን የኖርሁ መካኒክ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሲሆን የቀረውን ያገኘሁት ከማሽኖቹ መመሪያ መጽሐፍና ከአንድ መዝገበ ቃላት ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመን የቀረልኝ ጥቂት እንግሊዝኛና ብዙ የወገብ ሕመም ነው። ልጄ ወንበሩ ተዘርግቶ አልጋ እንደሚሆን፣ በር እንዳለው፣ ፒጃማ እንደሚሰጡ አስረዳችኝ። ፒጃማ ላይ ስትደርስ ስልኩን ለባለቤቴ አቀበልሁ።

«ይምጣልሽ» አለቻት ባለቤቴ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ከማዳምጥ ይምጣልሽ። ግን ልጄ፣ ሰዎቹን ያስቸግራቸዋል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ስትደርስ አረማችሁን መልሳችሁ ውሰዱ በላቸው» አለችኝ።

ልጄ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት አደራ ሰጠችኝ፤ ሁሉንም ፎቶ አንሥቼ፣ በተለይም ተኝቼ የተነሣሁትን፣ እንዳሳያት።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ልጆቼን በዋዛ አላሳደግሁም። ወደ መሸንቲ በአውቶቡስ ስንሄድ አንድ ሽማግሌ ከተሳፈረ ሦስቱንም አስነሣቸው ነበር። አንድ ሽማግሌ በአንድ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ባለቤቴ ብታስረዳኝም የቀሩት ሁለቱ እንዲማሩ ይቆሙ ነበር።

ወንበር መልቀቅ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ወጣት አንባቢ ይህን ላያውቅ ይችላል። ታናሹ ተነሥቶ «ይቀመጡ» ይላል። ታላቁ «አይሆንም፣ ተቀመጥ» ይላል። ታናሹ ይለምናል፤ ታላቁ እምቢ ይላል። በሦስተኛው ታናሹ «በሞቴ» ይላል፤ ያን ጊዜ እምቢ ማለት ስለማይቻል ታላቁ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ግን ሦስተኛው ላይ ሳይደረስ ሁለቱም ተከባብረው በየቦታቸው ይቀራሉ። ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ የክርስትና ድግስ ላይ እኔና አንድ ጡረተኛ መምህር በር ላይ «ይለፉ»፣ «የለም፣ እርስዎ ይለፉ» ስንባባል ከመቆየታችን የተነሣ፣ ከኋላችን ድስት ይዛ የቆመችው ሴት ዞራ ወጡን በመስኮት አስገባችው።

ይህን ሥርዓት ይዤ ነው አውሮፕላን ላይ የወጣሁት።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በትንሹ አውሮፕላን ደርሼ በማግሥቱ ጧት ትልቁ ላይ ተሳፈርሁ። የአንደኛ ማዕረግ ሰዎች ቀድመን ገባን። የተሰጠኝ ቦታ ከቤታችን መታጠቢያ ክፍል ይሰፋል። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ወገቤ ምን እንደ ነካው ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። ከፊት ለፊት እግር የሚሰቀልበት ለስላሳ በርጩማ አለ። አንዲት አስተናጋጅ በትንሽ ሳሕን የተጠቀለለ፣ ትኩስ፣ ነጭ ነገር አመጣችልኝ። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር እንደምጾም ነግሬ መለስኋት። ለካ ፎጣ ነው።

ከዚያ የኋላ ተሳፋሪዎች በአጠገባችን ማለፍ ጀመሩ። ከመካከላቸው ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ፣ ሰማንያን የዘለሉ የሚመስሉ ሽማግሌ መጡ። ሰልፉ ቆመና እሳቸውም በእኔ በር ላይ ቆሙ። እኔ አላሰብሁም፤ ጉልበቴ ራሱ ተነሣ።

«አባቴ፣ ይቀመጡ» አልኋቸው።

ወንበሩን አዩት። እኔን አዩኝ። በዚያ መካከል አንድ ፈረንጅ ከወዲያ በኩል እንደሚመለከተን አስተዋልሁ። የአገሬን ጨዋነት በደንብ ይየው ብዬ፣ መካከለኛውን ልመና ዘልዬ፣ «በሞቴ» የሚለውን ጨመርሁበት።

ስሕተቴ ይህ ነው። ለፈረንጅ ብዬ ሦስተኛውን አስቀደምሁት።

«በሞቴ ካልህማ» አሉና ተቀመጡ።

እምቢታቸውን ስጠብቅ ትንሽ ቆየሁ። እሳቸው ከዘራቸውን ከጎናቸው አስደግፈው የመሳፈሪያ ወረቀታቸውን ሰጡኝ። «ሠላሳ ስምንት ይላል መሰለኝ። ሂድ ፈልገው፤ እንዳይሞላብህ።»

አስተናጋጇ ደርሳ ግራ ገባት። «አባባ፣ ይህ እኮ የእርስዎ ቦታ ነው። ምግቡም አልጋውም አብሮ ይሄዳል። ፈቅደው ነው?»

ያን ጊዜ «አልፈቀድሁም፣ እምቢ ይሉኛል ብዬ ነው» ማለት ነበረብኝ። ሠላሳ ዓመት ልጆቼን ቀጥ ብላችሁ እውነት ተናገሩ እያልሁ የቀጣሁ ሰው፣ «ፈቅጄ ነው» አልኋት። አለቃዋን ጠይቃ መጣችና ተፈቀደ። ፈረንጁ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀልኝ። አንድም ነገር አልጠቀመኝም።

ሠላሳ ስምንተኛው ረድፍ ላይ መካከለኛው ወንበር የእኔ ሆነ። በግራዬ ሰፊ ባርኔጣ ያላወለቀች ሴት፣ በቀኜ ገና ሳንነሣ ያንቀላፋ ወፍራም ሰው። ክርኔን የማሳርፍበት ስላጣሁ እጄን እንደ ቆራቢ ደረቴ ላይ አጣጠፍሁ። ወገቤ ከሁለት ሰዓት በኋላ መናገር ጀመረ። ልጄን ምን እንደምላት ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። «ወንበሩ ጥሩ ነበር» ብላትስ? ውሸት አይደለም፤ ለግማሽ ሰዓት ጥሩ ነበር። ልጄ ያን ነገር ለአባቷ ወገብ ብላ፣ እናቷን ማየት ትታ እንደ ሰጠችኝ ሳስብ ግን ይህ መልስ አፌ ላይ አልቆይልኝ አለ።

በመጨረሻ ተነሥቼ ወደ ፊት ሄድሁ። ሽማግሌውን ልጠይቃቸው ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። እውነቱ ግን «ና ቦታህን ያዝ» ይሉኝ ይሆናል ብዬ ነው።

መጋረጃው ላይ አስተናጋጇ አቆመችኝ። «አባባ፣ የእናንተ መጸዳጃ ከኋላ ነው።»

«መጸዳጃ አልፈልግም። አባቴን ልጠይቅ ነው» አልኋት። ሁለተኛው ውሸት።

ሽማግሌው ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ተራ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። አልጋው አልተዘረጋም። ፒጃማው ከነላስቲኩ ነው።

«ተመቸዎት አባቴ?»

«ምኑ ይመቻል? ሰው የለበትም። ሁሉም በሩን ዘግቶ ገብቷል። ይህች ልጅ እየመጣች ይተኙ ትለኛለች። በጠራራ ፀሐይ፣ ሳልታመም፣ ሰው ፊት ልጋደም? ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾሜን እፈታለሁ፣ ንገሪኝ ስላት ደግሞ የየት አገር ዘጠኝ ሰዓት ትለኛለች።»

«ምን አሏት?»

«የዱርቤቴ አልኋት። ሌላ አገር መቼ አውቃለሁ?» አሉና በርጩማውን በከዘራቸው ጠቆሙኝ። «ተቀመጥ፣ አጫውተኝ።»

እግር በሚሰቀልበት በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ልጃቸው ብራዚል ውስጥ አግብቶ ወልዷል፤ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ መሄዳቸው ነው። የእኔንም ጠየቁኝ። ስለ ማይሉ፣ ስለ ወገቤ፣ ተኝቼ መነሣት ስላለብኝ ፎቶ ነገርኋቸው። «በሞቴ» ያልሁት በስሕተት እንደሆነ ግን አልነገርኋቸውም።

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ? ተኛና ላንሣህ» አሉ።

«ማታለል አይሆንም?»

«ከተኛህ ተኛህ ነው። ምኑ ነው ማታለል?»

ይህን የመሰለ ክርክር ልጆቼ ቢያቀርቡልኝ አንድ ቀን ሙሉ አልሰማቸውም ነበር። እሳቸው ሲሉት ግን ሚዛን ደፋ። አስተናጋጇ መጥታ አልጋውን ዘረጋች። ሽማግሌው ወደ በርጩማው ተሻገሩና ስልኬን ተቀበሉኝ፤ የሚነካበትን አሳየኋቸው።

«ፒጃማውንም ልበሰው። ልጅቱ ትጠይቃለች።»

ሸሚዜ ላይ ደርቤ ለበስሁትና ተጋደምሁ። ለአንድ ደቂቃ ነበር ሐሳቤ። ወገቤ ዘይት እንደ ነካው የዛገ ብሎን ቀስ ብሎ ሲላላ ተሰማኝ። «አነሡኝ?» ማለቴን አስታውሳለሁ። «ቆይ፣ አንተን ትቶ ጣሪያውን ያሳየኛል» ሲሉኝም ሰምቻለሁ።

ስነቃ አውሮፕላኑ ሊያርፍ እየወረደ ነበር።

ሽማግሌው በርጩማው ላይ ናቸው። ስልኬን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደ እኔ አዙረው ተቀምጠዋል። በላዬ ላይ ጋቢያቸውን አልብሰውኛል።

«አንሥቼሃለሁ» አሉኝ።

«ይህን ሁሉ ሰዓት በርጩማ ላይ? ለምን አልቀሰቀሱኝም አባቴ?»

«ሽማግሌ ይቀሰቀሳል እንዴ?» አሉኝ። ከእኔ ሃያ ዓመት ይበልጣሉ።

አስተናጋጇ ሁለታችንም ወንበር ይዘን ቀበቶ እንድናስር ስታዝ እኔ ከአልጋው እስክላቀቅ እሳቸው ጋቢያቸውንና ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ሠላሳ ስምንት ሄዱ። «እዚያ ሰው አለ» አሉ ሲሄዱ። ፎቶዎቹን አየኋቸው። ጣሪያ፤ አውራ ጣት፤ እንደገና አውራ ጣት፤ ከዚያ እኔ፣ አፌን ከፍቼ፣ ካልሲዬ ተቀዶ።

ልጄ መውጫው ላይ ጠበቀችኝ። ከስታለች። ከተሳሳምን በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ወገብህስ?» ብላ ነው።

«ደህና ነው» አልኋት። ደህና ነበር።

ፎቶውን አሳየኋት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ካልሲዬን አጉልታ አየችው። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር። ሽማግሌውን ልጃቸው ተቀብሏቸው በወዲያ በኩል ሄደዋል፤ የሚያጋልጠኝ የለም። ግን የዚያን ዕለት ውሸቴ ሁለት ደርሷል፤ ሦስተኛውን በልጄ ላይ መጨመር አልቻልሁም። ከመጀመሪያው «በሞቴ» ጀምሬ እስከ በርጩማው ነገርኋት።

ሳቋ ቆመ።

«ሰጠኸው?» አለችኝ።

«እምቢ ይሉኛል ብዬ ነው።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ በዚያ ማይል አገሬ ገብቼ እማዬን ማየት እችል ነበር።» ድምፅዋን አላነሣችም። ብታነሣው ይሻለኝ ነበር።

የሰጠሁት የራሴን ሳይሆን የእሷን እንደነበር በዚያ ቦታ ነው የገባኝ። ለሌላ ሰው ወንበር ስለቅ ኖሬአለሁ፤ ለእኔ የተለቀቀልኝን ተቀብዬ መቀመጥን ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ከመመሪያ መጽሐፍም አላገኘሁትም። «ይቅር በይኝ» አልኋት። ልጄን ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ስለነበር ደንግጣ ሻንጣውን ጣለችው።

መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ መንገድ ሄድን። ከዚያ ብቻዋን መሣቅ ጀመረች። «ስትመለስም አንደኛ ማዕረግ ነው» አለችኝ። «ገና እንደገባህ በሩን ትዘጋለህ። ሁሉም እስኪያልፍ አትከፍትም። ቃልህን ስጠኝ።»

«ሽማግሌ ቢያልፍስ?»

«አባዬ።»

«እሺ፣ ሰጥቻለሁ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ገና እንደገባሁ በሩን ዘጋሁ። ትኩሱን ፎጣ ተቀብዬ ፊቴን ጠረግሁ። የኋላ ተሳፋሪዎች ማለፍ ሲጀምሩ የእግራቸው ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ቀስ ብሎ የሚሄደው ሁሉ ሽማግሌ መሰለኝ። ሁለት ጊዜ ጉልበቴ ሊነሣ ሲል ያዝሁት። ሦስተኛው ሳይመጣ ብዬ ቁልፉን ተጭኜ ወንበሩን አልጋ አደረግሁትና ከነጫማዬ ተጋደምሁ።

አስተናጋጁ አንኳክቶ አንገቱን አስገባ። አውሮፕላኑ እስኪነሣ ቀጥ ብዬ መቀመጥ እንዳለብኝ ነገረኝ።

«ለልጄ ቃል ሰጥቻለሁ» አልሁት።

«ሲነሣ ይተኛሉ፤ እኔ ራሴ እዘረጋልዎታለሁ» አለኝ።

ወንበሩን ቀና አደረግሁ፤ ቀበቶዬን አሰርሁ። በሩ እንደ ተዘጋ፣ ሰዎቹ አልፈው እስኪያልቁ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ።