አጎቴ ያላየው ግልቢያ

ገና ልጅ ሆኜ፣ ሚኒሶታ፣ ሲዋርድ በሚባል ሰፈር በምንኖርበት አፓርታማ ጀርባ፣ በሰመር ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመሽ ከሰል ይቀጣጠል ነበር። ከሰሉን የሚያያይዘው የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ሰይድ ነው። ፕሊማውዝ የሚባል ከተማ ባለ አንድ ዌርሃውስ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ ሲነዳ ውሎ ይመጣና ሥጋውን ፍሙ ላይ ጣል ያደርጋል፤ ጭሱ ወደ እኔ ሲዞር ወንበሬን ከነእኔ አንስቶ ወዲያ ማዶ ያስቀምጠኝና ወሬውን ይቀጥላል። ያኔ ሌሎች ልጆች ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ይሰሙ ይሆናል። እኔ የምሰማው ስለ አየርላንድ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳዎች ነበር።

አጎቴ ዲቪ ደርሶት ሚኒሶታ ከመምጣቱ በፊት አየርላንድ ውስጥ ስምንት ዓመት ፈረስ ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል። ወሎ ውስጥ ጉግስ እያየ ያደገ ሰው ስለሆነ ፈረስ አይፈራም። ፈረሶቹን በመኪና ጭኖ ከሜዳ ሜዳ ዞሯል፦ በጎች እንደልባቸው የሚግጡበትን ዳር የለሽ ሜዳ፣ ዝናብ የማያባራበትን ሜዳ፣ ዳገቱ ፈረሱን ከነጋላቢው የሚያስለከልከውን ሜዳ። እኔ ከሁሉም የምወደው ሌይታውን የሚባለውን ነበር። እዚያ በዓመት አንድ ቀን ባሕሩ እስኪሸሽ ይጠበቅና፣ ውሃው ሳይመለስ እርጥቡ አሸዋ ላይ ይጋለባል።

እናቴ ወሬው አይጥማትም ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ ለልጅ የምታወራው እኮ ቁማር ነው» ትለዋለች።

«እኔ መች ተወራረድኩ? ፈረሱን ነው ያጠብኩት» ይላል።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ወሬው መጨረሻ የሌለው መሆኑ ነበር። ፈረሶቹ ይሰለፋሉ፣ ይነሳሉ፣ አሸዋው ይበተናል፣ እኔ ትንፋሼን እውጣለሁ፤ እሱ «ከዚያ ሕዝቡ ጮኸ» ይልና ሥጋውን ይገለብጣል።

«ሶ፣ ሁ ወን?» እለዋለሁ፣ ማን አሸነፈ ማለቴ ነው፤ ያኔ እሱ በአማርኛ ሲያወራኝ የምመልስለት በእንግሊዝኛ ነበር።

«አላየሁማ! ፈረሱን የምንቀበለው ከሕዝቡ ኋላ ነው። ባልዲና ብርድ ልብስ ይዤ ስጠብቅ የማየው የሰው ጀርባ ነው።»

ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ግልቢያ ሲያልቅ አላየም! ያን ሁሉ ምሽት ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ የተቀመጥኩት ለዚህ ነበር? አንዴማ ብስጭቴ ጫፍ ደርሶ «እና ምን ልታደርግ ነበር የምትሄደው?» ብዬዋለሁ። አልተቆጣም። ፍሙን በመቆስቆሻው እየነካካ ቆየና፣ «እውነትሽን ነው ሀዩ። አንድ ቀን እንደ ሰው ቲኬት ቆርጬ፣ ከፊት ቆሜ አያለሁ» አለ።

የአሜሪካ ፓስፖርት ባገኘ ዓመት፣ አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከአለቃው ጋር ተጨቃጭቆ ፈቃድ ወሰደና ወደ አየርላንድ ሄደ። እኔም ለክፍሌ ልጆች ሁሉ ነገርኩ፤ አስተማሪዬም ሲመለስ ያየውን እንድተርክላቸው ቀን ቆረጠችልኝ።

በተመለሰ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከሰሉ ገና ሳይቀላ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። የመጀመሪያው ሜዳ ላይ ዝናብ ጥሎ ግልቢያው ተሰረዘ አለኝ። ወደ ሁለተኛው ሲሄድ አውቶቡሱ ተበላሽቶ፣ የደረሰው፣ ሰው ሁሉ ከሜዳው ሲወጣ ነው። ሦስተኛው ሌይታውን ነበር። ቲኬት ቆርጦ፣ ከጧት ጀምሮ ቆሞ፣ ተመልካች የሚከለልበት ገመድ ጋ ከፊት ቦታ ያዘ።

«ፈረሶቹ ሊነሱ ሲሉ» አለ፣ «ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። ነፋስ የአንዱን ጃንጥላ ነጥቆ ወርውሮት፣ አንድ ዳማ ፈረስ በርግጓል። ጠባቂው ሽማግሌ ወድቋል፤ እጁ ልጓሙ ላይ ተጠምጥሞ ፈረሱ ይጎትተዋል። ሮጬ ያዝኩት። እጁን አላቀቅሁለት። ፈረሱ ይንቀጠቀጣል፤ አንገቱን አቅፌ በአማርኛ ሳባብለው ልቡ መዳፌ ሥር ድው ድው ይላል። እሱ እስኪረጋ...»

«ኖ!» አልኩ ከወንበሬ ተነስቼ።

«ከዚያ ሕዝቡ ጮኸ» አለ፤ ራሱም ያፈረ ይመስል ነበር።

እንባዬ መጣ። «ሌላ ሰው ይይዘው ነበር እኮ!» አልኩት፤ በአማርኛ ነበር።

«ማን?» አለኝ።

በሩን ደርግሜ ገባሁ።

ሰኞ ክፍል ውስጥ ቆሜ ዋሸሁ። አጎቴ ከፊት ቆሞ አየ፣ አንድ ነጭ ፈረስ በመጨረሻዋ ሰዓት ከኋላ ተነስቶ ሁሉንም ቀደመ አልኩ፤ ስምም አወጣሁለት። ልጆቹ አጨበጨቡ። ያን ቀን ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ የመጣው አጎቴ ነበር፤ አስተማሪዬም በር ላይ ጨበጠችውና፣ ነጩ ፈረስ ሲያሸንፍ በማየቱ ደስ እንዳላት ነገረችው። ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ «የስ፣ ቬሪ ፋስት» አላት።

መኪናው ውስጥ፣ ቤታችን ልንደርስ ስንል፣ «ያን ቀን አምባላይ ፈረስ አልነበረም» አለ፤ እሱ ነጭ ፈረስን የሚጠራው እንደዚያ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰሉን አቀጣጠለ፤ ያወራው ግን ስለ ፎርክሊፍቱ ባትሪ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ቅዳሜዎችም ፈረስ የሚባል አላነሳም። በረዶው ወረደ፤ በዓመቱ ዳላስ ሥራ አግኝቶ ሄደ።

ዛሬም ሳስታውሰው እበሽቃለሁ። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ ፈረሱን እንደያዘ ለአንዲት ደቂቃ አንገቱን ዞር ቢያደርግ ምን ነበረበት እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ እናደዳለሁ፣ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ ያስጨበጨብኩበትን የፈረስ ስም ረስቼዋለሁ። ጭልጥ ብሎ ጠፍቶኛል። ያልጠፋኝ እኔ ያላየሁት፣ ለማንም ያልተረክሁት ነው፦ ሰው ሁሉ ወደ ባሕሩ ሲያይ፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚንቀጠቀጥ ፈረስ አንገት ያቀፈ አጭር ሰው።