ዳገት የሌለው መንገድ

ባቡር ዳገት አይወድም። ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ያንሸራትታልና፣ መሬቱ ትንሽ ቀና ካለበት መንኮራኩሩ ባለበት ይሽከረከራል። ስለዚህ የድሮዎቹ ሐዲድ ዘርጊዎች ጉብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን ሞልተው፣ ኩርባውን አለዝበው ነበር መስመር የሚያወጡት። ባቡሩ ቀርቶ ብረቱ ሲነቀል ታዲያ ምን ይተርፋል? ለእግር እንደዚያ የተመቸ መንገድ ከየት ይመጣል! ሽማግሌ ሳያለከልክ፣ ብስክሌት ለማጅ ሳይንገዳገድ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ገፊ ሳይለምን ይጓዝበታል።

ልብስ ሰፊዋ ይህን አሮጌውን መስመር ሊያጠና ከመጣው መሐንዲስ አፍ የሰማች ቀን እንደ ልጅ ፈነደቀች። ቤቷ ጀርባውን ለአሮጌው መስመር ሰጥቶ የቆመ ነው። ከጓሮ በሯ ማዶ ሰው የሚያክል እሾህ፣ የተቀደደ ጎማና የማን እንደሆነ ያልታወቀ ስባሪ አልጋ ነበር። ገበያ መሄድ የፈለገ በዋናው መንገድ ዳር፣ ከጭነት መኪና እየተጋፋ፣ ግንብ ለግንብ ይሄዳል። ሰፈሩ መስመሩን የእግረኛና የብስክሌት መንገድ እናድርገው ሲል ከፊት የተሰለፈችው እሷ ናት። ለጽዳት ለወጡት ሰዎች ሰደርያ ሰፋች፤ ቤት ለቤት እየዞረች እምቢተኛውን አግባባች።

«አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ጉልበትሽ ማን ሊሄድበት ነው?» ቢላት ዳቦ ጋጋሪው፣

«አንተ ነህ እንጂ፣ ቦርጫም!» አለችው።

ጋጋሪው ሆዱን ይዞ ሳቀ። በኋላም የመንገዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። በየመግቢያው በር ይሠራ የሚል ሐሳብ ሲነሳ፣ «በወንበር የሚሄደው ሰው በየት ይግባ?» ብላ የተከራከረችውም እሷው ናት። ሐሳቡ ወደቀ።

ባሏ በዚያው መስመር ቲኬት ቆራጭ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው። አሁን አእምሮው እየከዳው ነው። መርሳት ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው፤ መጀመሪያ የዛሬውን ይወስዳል፣ ቀጥሎ የአምናውን፤ የጥንቱን መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። ስለዚህ ሰውየው ወደ ሥራ ዘመኑ ተመልሷል። ጠዋት ጠዋት ኮቱን ቆልፎ በጓሮ በር ይወጣል። እሾኹ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ጥቂት ያስባል፣ «ዛሬ ባቡር የለም» ብሎ ይመለስና ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ይቀመጣል። እሾኹ ምን እያደረገላት እንደነበር አንድም ቀን አላሰበችበትም።

መንገዱ ተመርቆ በተከፈተ በማግስቱ ባሏ ወጣ። እሾህ የለም።

«ማዘር!» ብሎ ብስክሌት አከራዩ እየሳቀ ገባ። «ፋዘር ድልድዩ ጋ ብስክሌተኛውን አስቁመው ቲኬት እያሉ ነው!»

ልብስ ልትለካ የመጣችው ደንበኛ ሳቀች፣ ልብስ ሰፊዋም ሳቀች። አንድ ጎረምሳ የአውቶቡስ ቲኬት ሰጥቷቸው፣ ጫፏን ቀደድ አድርገው «መልካም ጉዞ» ብለው አሳለፉት አለ አከራዩ። በሌላው ቀን ግን ባሏ ድልድዩን አለፈ። ከዚያም ከሚቀጥለው ከተማ በፖሊስ መኪና አመጡት።

«አልደከመህም?» አለችው እግሩን እያጠበች።

«ምኑ ያደክማል?»

እውነቱን ነው። በሌላ መንገድ ቢሆን አእምሮው «ተመለስ» የማይለውን ሰው ትንፋሹ ይለዋል፤ ዳገቱ ጉልበቱን ይዞ ያስቀምጠዋል። ይህ መንገድ ግን ማንንም ተመለስ አይልም። ለዚያ ነው የተመረጠው።

በሩን ቆለፈችበት። የእጁ ቆዳ እስኪላጥ ደበደበው። «ተሳፋሪ እየጠበቀ ነው! ኧረ በሕግ አምላክ!» ሲል እያለቀሰች ከፈተችለት። አብራው ሄደች፤ ማታ ጉልበቷ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። በመጨረሻ ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ሄደች።

«ከጓሮዬ ፊት ለፊት አጥር ብቻ። ሌላ አልጠይቅህም።»

ጋጋሪው እጁ ላይ ያለውን ዱቄት በሽርጡ ጠረገ፤ የሚጠርገው ካለቀ በኋላም ጠረገ። «እህቴ፣ በአንቺ ጓሮ ብናጥር በጎረቤትሽ ዞሮ ይወጣል። እያንዳንዱ መግቢያ ላይ በር ካልተገጠመ… እሱን ደግሞ እንዳይሆን ያልሽው አንቺው ነሽ።»

«እኔው ነኝ።»

«የማደርግልሽ ቢጠፋኝ እኮ ነው።» ትኩስ ዳቦ ጠቅልሎ ሰጣት። ተቀበለችው፤ ምን ታድርግ?

ከሰዓት በኋላ የቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘመች ቀና ስትል አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጣ ወጣች። ከፊቷ አየችው።

«አንተዬ! ቁምልኝ!»

ቆመ። ዞሮ ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ ሳያውቃት፣ ግን በአክብሮት።

«እመቤቴ፣ ይሄኛው ሞልቷል። የሚቀጥለውን ይጠብቁ።»

«ቆሜም ቢሆን ልሂድ። አብሬህ ልሂድ።»

«ደንቡ አይፈቅድልኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት፤ ከልቡ አዝኖላት ነበር።

ከኋላዋ የብስክሌት ደወል ሲጮህ ወደ ዳር ሸሸች። ብስክሌቱ እስኪያልፍ ሰውየው ርቋል። ትንሽ ተከተለችው፣ ጉልበቷ እምቢ አለ፣ መንገዱ ዳር ያለ አግዳሚ ወንበር ተደገፈች። መንገዱ ቀጥ ያለ ነውና ሰው እየራቀ ያንሳል እንጂ ቶሎ አይሰወርም። የኮቱ ጀርባ ይታያል።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ልጇን ያቀፈች እንግዳ ሴት ነበረች። «ማንን እየሸኙ ነው፣ እናቴ?»

«ባለቤቴን።»

«በሰላም ይግቡ።»

«አሜን» አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።