እሺ የሚል ተማሪ

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ሁለተኛ ፈረቃ» ነው የሚሏት። መጀመሪያ ላይ ሲያሾፉባት ነበር። እሷ ግን ስሙን ወደደችውና አረፈች፤ እንዲያውም አንዳንዴ ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ ሁለተኛ ፈረቃ ነኝ» ትላለች። ነገሩ እንዲህ ነው። አምስተኛ ክፍል ሳይንስ ስታስተምር ለልጆቹ የምትሰጠው የቤት ሥራ አንድና አንድ ነው። ዛሬ የተማራችሁትን ቤት ሄዳችሁ ለአንድ ሰው አስተምሩ፤ ያ ሰው የሚጠይቃችሁን ጥያቄ ነገ ይዛችሁልኝ ኑ። በቃ፣ ሌላ የለም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የሷ ክፍል በየሰዉ ጓዳ፣ በየሱቁ፣ በየልብስ ስፌቱ ቤት ይከፈታል።

ዘዴውን ከመጽሐፍ አላገኘችውም። አባቷ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጋራዡ በኩል ነው የምታልፈው፤ እሱ መኪና ሥር ተኝቶ ሁለት ጫማው ብቻ ይታያል። «ዛሬ ደግሞ ምን አስተማሩሽ? እስቲ ለኔም ንገሪኝ» ይላታል ከሥር። እሷም ለጫማዎቹ ታስተምራለች። ጫማዎቹ ዝም ብለው ያዳምጡና፣ ልክ «ጨረስኩ» ስትል፣ ከሥር አንድ ጥያቄ ብቅ ይላል። «ቆይ እንጂ፣ ደም ከልብ ከወጣ በኋላ የመመለሻውን መንገድ ማን ነግሮት ነው ተመልሶ የሚገባው?»  ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ ገብቶኛል ያለችው ሁሉ እዚያ ዘይት የጠጣ መሬት ላይ ይበተናል። አባቷ ታዲያ አይስቅባትም። «በይ ነገ ጠይቂልኝ፤ አደራ እንዳትረሺ» ይልና መፍቻውን እንድታቀብለው እጁን ይዘረጋል።

አባቷ ካረፈ ስንት ዘመኑ። ዛሬም ግን «እኔን አስተማሪ ያደረገኝ ኮሌጁ አይደለም፤ ያ ሰውዬ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና» ትላለች። ይህን ባለች ቁጥር ዓይኗ እንባ ያቀርራል፤ አታፍርበትምም።

ጠዋት ጠዋት ክፍሏ ገበያ ነው። «ተማሪሽ ምን ጠየቀ? ያንተስ?» እያለች በየረድፉ ትዞራለች። አንዱ ይነሳና «የኛ ሰፈር ዘበኛ፣ ምድር የምትዞር ከሆነ እኔ ሲነጋ ያው በር ላይ የምገኘው ለምንድን ነው አለኝ» ይላል። ሌላዋ ደግሞ «አጎቴ፣ ተክል እንዲህ ሌት ተቀን የሚጠጣ ከሆነ ተንገዳግዶ ያውቃል ወይ አለ» ትላለች፤ አጎትየው መጠጥ እንደሚወድ የማያውቅ የለምና ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። እሷ ግን የአጎትየውንም ጥያቄ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ትጽፈዋለች። ለሷ መጥፎ ጥያቄ የለም። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እሺ የሚል ተማሪ ያስፈራኛል» ትላለች። «እሺ ማለት፣ ልቀቁኝ ልሂድ ማለት ነው። የገባው ሰው ይጠይቃል።»

ይህን ከልቧ ታምንበት ነበር። ጉዱ የመጣውም ከዚሁ ነው።

በዓመቱ አጋማሽ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ የመጣች አንዲት ቀጭን ልጅ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ተማሪሽ ማነው ስትባል «አባቴ» አለች። ምን ጠየቀ? «እሺ አለ።» በማግስቱም «እሺ አለ»። በሦስተኛው ቀንም ያው። ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ፤ መምህሯም፣ መቼም ቀልድ አያልቅባትም፣ «እንግዲያው ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» አለቻት። ክፍሉ ፈረሰ። በዚህም አላበቃችም። «ወይ እሱ አልሰማሽም፣ ወይ አንቺ አላስተማርሽውም» ብላ ጨመረችበት። ልጅቷ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም። ቁጭ ብላ እጇን ዴስኩ ላይ አጣመረች።

በእረፍት ሰዓት አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ወደ መምህሯ ተጠግታ «ቲቸር፣ የሷ አባት እኮ ታሞ ምላሱ ተይዟል። ከንግግር ሁሉ የቀረችው እሺ ብቻ ናት» አለቻት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። መምህሯ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ምነው ምላሴን በቆረጠው» አለች ለራሷ፤ ያለችው ነገር ደግሞ መልሶ ምላሱ የተያዘውን አባት አስታወሳት። ጠያይቃ እንደሰማችው፣ ሰውየው የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ወሬ አዋቂ፣ ቀልደኛ። ቀልዱን ለመስማት ሲል የመጣለትን አውቶቡስ አሳልፎ የሱን የሚጠብቅ ተሳፋሪ ነበረው። አንድ ቀን ጠዋት መሪ እንደያዘ ስትሮክ መታው። እንደምንም ብሎ አውቶቡሱን ዳር አስያዘና ተሳፋሪውን ሁሉ በደህና አተረፈ። ቀኝ ጎኑና ምላሱ ግን አብረውት ወደ ቤት አልተመለሱም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህሯ ጠዋት ስትዞር መስኮቱ ጋ ስትደርስ ልጅቷን መዝለል ጀመረች። ማዘኗ ነው። ሳልፋት ይቀላታል ብላ ነው። ሳምንቱ እንዲህ አለቀ። አርብ ደወል ተደውሎ ሁሉም ግር ብሎ ሲወጣ ልጅቷ ቀረች።

«ቲቸር» አለች ቦርሳዋን እንዳቀፈች፤ «አባቴን ከትምህርት አባረሩት?»

መምህሯ ያን ያህል ዓመት ስታስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምታ አታውቅም። የልጆቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። «ኧረ በፍጹም የኔ ልጅ። ለምን አልሽ?»

«አይጠይቁኝማ። እኔ ግን በየቀኑ እያስተማርኩት ነው። ሐኪሙ አዋሩት ብሏል። አክስቴ፣ አትልፊ አይሰማሽም ትላለች። ይሰማል። ሲሰማ ቅንድቡ ይነሳል። አንድ ቀን ይጠይቀኛል።»

«ይቅር በይኝ» አለች መምህሯ። «አጠፋሁ። አባትሽ ተማሪዬ ነው፤ ሰኞ እጠይቅሻለሁ። እስከዚያው ግን ተማሪዬን ላየው ብመጣ ቅር ይልሻል?» ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ቅር አይላትም።

ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። ሰውየው መስኮት ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል ተደርጎለታል። እህቱ ናት የምታስታምመው፤ ደግ ሴት፣ ግን አፏ ሥራ አይፈታም። መምህሯ «እንደምን ዋሉ?» አለችው። «እሺ» አለ። «ደህና ነኝ ማለቱ ነው» አለች እህት። «መስኮቱ አይበርድዎትም?» «እሺ።» «አይበርደውም፣ ለምዶታል» አለች እህት። ሰውየው አፉን ከፈት ያደርግና፣ ቃሉ ሳይመጣ እህቱ ቀድማው ስትደርስ መልሶ ይገጥመዋል። መምህሯ ይህን ልብ አለች።

ከዚያ ልጅቷ አስተማረች። የዕለቱ ትምህርት ስለ ሳንባ ነበር። በሁለት እጇ ሳንባ ሠርታ፣ ትንፋሿን ስባ፣ አየሩ የሚገባበትን መንገድ ደረቷ ላይ እያሳየች፣ አቤት ስታምር። ሲያልቅ «ገባህ?» አለችው። «እሺ» አለ። «እሺ» አለችና ደብተሯን ከደነች።

መምህሯ ሳቋ መጣ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስታየው የኖረችው የአስተማሪ ሁሉ በሽታ ነዋ። ጠይቆ አለመጠበቅ። «ጎበዝ ነሽ» አለቻት፤ «ከብዙ መምህር ትሻያለሽ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሪ። ገባህ ካልሽው በኋላ ዝም በይ። ዝምታው እስኪያስጨንቅሽ፣ እግርሽን እስኪበላሽ ዝም በይ። ያቺን እሺ እንደ መጨረሻ አትቁጠሪያት።» ወደ እህትየው ዞረችና «እርስዎም እንደዚሁ፣ እህቴ» አለች።

«እኔ? አፌን በሻሽ ልሰረው?» አለች እህት።

«ከተቻለ» አለች መምህሯ።

ሰውየው ሳቀ። በግማሽ ፊቱ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። እህቱ ልትቆጣ ተነስታ ሳቁን ስታይ መልሳ ተቀመጠች፤ ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ጋ ስትደርስ እንደማንም ልጅ ትጠይቃታለች። «ተማሪሽ ምን ጠየቀ?» «እሺ አለ፣ ቲቸር።» «መልካም። ዛሬም አስተምሪው።» የሚስቅ ልጅ አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ ግን ነገሩን ሰምቶ «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» አላት። እሷም በሆዷ ይህንኑ ፈርታ ነበር። ልጅቷ በየቀኑ ተስፋ ሰንቃ ትሄዳለች፤ በየቀኑ እሺ ይዛ ትመለሳለች። ባይጠይቅስ? ጨርሶ ባይጠይቅስ? የልጅን ልብ አንጠልጥሎ መተው ምን ይባላል? መኪና ሥር ተኝቶ የሚጠይቅ አባት የነበራት እሷ፣ የማይጠይቅ አባት ላላት ልጅ ይህን ደንብ ማውጣቷ ግፍ መስሎ የታያት ጊዜ ብዙ ነው። ቢሆንም መጠየቋን አልተወችም። ሳንባ አለፈ፤ ሥርና ቅጠል አለፈ፤ ጨረቃም አለፈች።

ውሃ ተንኖ ስለመሄዱ በተማሩ ማግስት መምህሯ እንደ ወትሮዋ ስትዞር መስኮቱ ጋ ደረሰች። ልጅቷ ቀድማ እጇን አላወጣችም፤ ተራዋን ነው የጠበቀችው።

«ተማሪሽ ምን ጠየቀ?»

ተነስታ ቆመች። «የት አለ።»

«ምን አልሽ?»

«ልብስ ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል ብዬ አስተማርኩት። ገባህ አልኩትና ዝም አልኩ። አክስቴም ሻሿን ነክሳ ዝም አለች። ብዙ ቆየን። አፉን እንዲህ እንዲህ አደረገና የት አለኝ። ውሃው የት ነው የሚሄደው ማለቱ ነው።»

 መምህሯ የዴስኩን ጫፍ ያዘች። «አንቺስ ምን አልሽው?»

«አየር ውስጥ ነው አልኩት። አሁንም የት አለኝ፤ በዓይኑ አየሩ ውስጥ እየፈለገው። እኔ ደግሞ አላውቅም። ነገ ቲቸርን ጠይቄ እነግርሃለሁ አልኩት።»

«እሺ አለ?»

«አይ» አለች ልጅቷ። «እምቢ አለ።»

 መምህሯ ልጆቹ ፊት እያለቀሰች ሳቀች፤ እነሱም መሳቅና አለመሳቁ ግራ ገብቷቸው ሲተያዩ፣ ቀጥሎ አጨበጨቡ። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ጥያቄውን እንደማንኛውም ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ክፍሉ በሙሉ ተረባርቦ፣ አንዱ የሌላውን እያፈረሰ፣ መልሱን ለአንድ አባት በሚገባ ቋንቋ አዘጋጀው። ልጅቷ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አለችው፤ እንዳይጠፋባት።

በእረፍት ሰዓት ከግቢ መውጣት ክልክል ነው። መምህሯ ራሷ ወደ ዘበኛው ሄዳ «ተማሪ የሚጠብቃት መምህርት ናት፤ ክፈትላት» አለችው። በሩ ሲከፈት ልጅቷ ሮጠች። መምህሯ እዚያው ቆማ «ተመስገን» አለች፤ ቀጥላም «አባዬ፣ አመሰግናለሁ» አለች፣ ዘበኛው እየሰማት።