ወታደሩ የአጎቴን ፎቶ ሲያይ

ዛሬ ጠዋት በራችን ሲንኳኳ እማዬ «ማነው?» አላለችም። «ማን ሞተ?» ነው ያለችው።

ታናሽ ወንድሟ ባድመ ላይ የሞተ ጊዜ ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ ከሽማግሌዎች ጋር መርዶውን ይዘው የመጡት በጠዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ በጠዋት በር ከተንኳኳ እንዲህ ናት።

የዛሬዎቹ ግን ወታደሮች ናቸው። ትናንት ቡራዩ ላይ በተቃውሞ መንገድ ስለተዘጋ ቤት ለቤት ወጣት እየፈለጉ ነው። (ኢንተርኔቱ አሁን ድንገት መጣ፤ ተመልሶ ሳይጠፋ ልጻፍ።)

ወንድሜ ጓዳ ተደብቋል። ምንም አላደረገም፤ ግን ወጣት ነው፤ ዘንድሮ ያ ይበቃል።

ሌሎቹ ግቢው ውስጥ ቀሩ፤ አንዱ ብቻ ሳሎን ገባ። ወደ ጓዳው ሲያመራ ግድግዳው ላይ የአጎቴን ፎቶ አይቶ ቆመ። አጎቴ በወታደር ልብስ የተነሳው ነው።

«ማዘር፣ ይሄ ማነው?»

«ወንድሜ ነው። ባድመ ቀረ። አስከሬኑን እንኳ አላገኘንም።»

ወታደሩ ኮፍያውን አወለቀ።

«እናት አለችህ?» አለችው እማዬ።

«አለች።»

«የት እንዳለህ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ደውልላት ልጄ። እንደኛ በሰው አፍ እንዳትሰማ።»

ከውጪ «ሰው አለ?» ብለው ጠሩት።

የወንድሜ ጫማ ጓዳው በር ላይ ነበር። አይቶታል።

«ማንም የለም» ብሎ ወጣ።

እማዬ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለአጎቴ ይሁን ለወታደሩ አልጠየቅኳትም።

እናንተስ ቤት ከጦርነት ያልተመለሰ ሰው አለ? ስሙን ጻፉልኝ፤ ለእማዬ አነብላታለሁ።