ቱፋ የሞላው ንፋስ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰናይት ስልኳን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለችና የኮምፕሬሰር ፎቶ ታሳየኝ ጀመር። ጓሮ ባለችው ክፍል ቁም ሳጥንና አልጋ እየሠራች ትሸጣለች፤ አሮጌው ስለማይሠራ ለቀለም መርጫዋ ንፋስ የሚሰጥ አዲስ መሣሪያ ፈልጋ ነው። «እማ፣ ትልቁ ይሻላል ወይስ ይሄ ድምፁ የማይረብሸው?» ትለኛለች። የእኔ ዓይን ግን ፎቶው ላይ ባለችው የንፋስ መለኪያ ጌጅ፣ በቀጭኗ ቀስት ላይ ቀረ። ሐሳቤ ባቱ ሄደ።

ያኔ ከአባቷ ከታደሰ ጋር ገና መጋባታችን ነበር። እዚሁ አዳማ፣ እዚችው ጓሮ፣ በርና መስኮት እየበየደ ቀለሙን በብሩሽ ይቀባል። ብሩሽ መስመር ይተዋል፤ ደንበኛም ይሸሻል። ያገለገለ ኮምፕሬሰር ይገዛ ሲባል ግን እኔ እንቅልፍ አጣሁ። የሰፈራችን ጎሚስታ ውስጡ የዛገ የኮምፕሬሰር ታንከር ገዝቶ፣ ፈንድቶበት ክንዱን አጥቷላ! «ያለ እኔ አትገዛም» አልኩት።

ባቱ ውስጥ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት እንደምትሸጥ ሰማንና ሄድን። መጋቢት ነበር፣ አቧራው የሚያቃጥልበት ወር። ዓለም ጤና ላይ ሚኒባሱ ሲቆም የሽንኩርቱ ሽታ በመስኮት ገባ። ባቱ እንደደረስን ሐይቁ ዳር ዓሣ በዳጣ በላን፤ ታደሰ እሾሁን እየለቀመ ያጎርሰኝ ነበር። ከዚያ ጋሪ ተሳፈርን። ባለጋሪው የምንሄድበትን ስንነግረው፣ «የሟቹን የቱፋን ቤት? ኧረ ሰው ሁሉ አይቶ ይመለሳል!» አለና ፈረሱን ገረፍ አደረገ። ለምን እንደሚመለስ አልነገረንም።

እትዬ ጫልቱ በር ላይ ጠበቁን። «አካም ጅርቱ! ኮታ፣ ግቡ» ብለው በጓሮ በኩል ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ወሰዱን። ከመክፈታቸው በፊት በሩን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና፣ «ቱፋ፣ እንግዳ መጥቷል» አሉ።

እኔና ታደሰ ተያየን። ውስጥ ማንም የለም። ሟቹ ጋሪ ቀቢ ስለነበሩ ግድግዳው ቀይና አረንጓዴ ተረጭቶበታል። መሃል ላይ ኮምፕሬሰሩ ነጠላ ለብሶ ቆሟል። እትዬ ጫልቱ ነጠላውን ገለጡት። ገመዱ ተነቅሎ ተጠቅልሏል፤ የጌጁ ቀስት ግን ሽቅብ ቆማለች።

«ማን ሞላው?» አለ ታደሰ።

«እሱ ነዋ! ሐምሌ ላይ፣ ጠዋት ሞላው፤ ከሰዓት ደረቴን ብሎ ተኛ፤ አልተነሣም።»

«ከሐምሌ ጀምሮ ምንም ሳያፈስ?»

«ይተነፍሳል እኮ። ቀን ከፍ ይላል፣ ማታ ይወርዳል። እየው!»

እውነታቸውን ነው። ፀሐይ ጣሪያውን ስታገኘው ቆርቆሮው ጠቅ፣ ጠቅ አለ፤ ቀስቷም በዝግታ ሽቅብ ሄደች፣ እንደ ተኛ ሰው ደረት። ታደሰ «ሙቀቱ ነው፤ ንፋሱን ያሳብጠዋል» ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ድምፁ ግን ራሱም ያመነበት አይመስልም።

ታንከር የሚገዛ ሰው ከሥሩ ያለችውን ማፍሰሻ ከፍቶ ያያል፤ ቀይ ውሃ ከወጣ ውስጡን ዝገት በልቶታል ማለት ነው። ታደሰ ጎንበስ ሲል እትዬ ጫልቱ ማፍሰሻዋን በመዳፋቸው ሸፈኗት። «እንዳለ ውሰዱት። እኔ እያየሁ ንፋሱ አይውጣ።» ሰው ሁሉ ለምን እንደሚመለስ ያኔ ገባን።

ይሄን ያህል ወር ንፋስ የያዘ ታንከር ከየት ይገኛል? ታደሰ ሊስማማ ነው። ለእኔ ግን የጎሚስታው ባዶ እጅጌ ታየኝ። «እትዬ፣ አይቀየሙኝ» አልኳቸው። «እኔም ለባሌ ፈርቼ ነው።»

እጃቸውን ከማፍሰሻዋ አንስተው ወጡ። ተቆጡ ብዬ ስጨነቅ፣ የባላቸውን ብስክሌት ካላማዳሪ፣ ያንን ጎማ ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ፣ ይዘው ተመለሱ። «መጀመሪያ ንፋሱን እዚህ ውስጥ ቅዱልኝ» አሉ።

ታደሰ ሞላላቸው። እንደ ሕፃን ታቀፉት። ከዚያ ማፍሰሻዋን ከፈታት፤ ረጅም ትንፋሽ ወጣ፣ አላልቅ አለ። በዚያ ድርቅ ባለ ቀን ክፍሉ ክረምት ክረምት ሸተተ፤ ዝናብ የመታው አፈርና ትኩስ ቀለም። መጨረሻ ላይ ውሃው ጠብ አለ፤ ቀይ አልነበረም። እትዬ ጫልቱ «በቃ፣ ሂድ እንግዲህ» አሉ። ለማን እንዳሉት አልጠየቅንም።

ኮምፕሬሰሩ ብዙ ዘመን አገለገለን። ታደሰ ግን ከዚያ ወዲህ ማታ ሥራ ሲጨርስ ሳያስተነፍሰው ቤት ገብቶ አያውቅም። ለሰው «ከዝገት ይጠብቃል» ይላል፤ እውነት ነው፣ ይጠብቃል። ለእኔ ግን አንድ ቀን «እኔን ታቅፈሽ እንዳትቀሪ ብዬ ነው» አለኝ።

ታደሰ ያረፈ ሰሞን፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ጓሮ ሄጄ ጌጁን አየሁ። ቀስቷ ዜሮ ላይ ተኝታለች። ባዶ መሆኑን እያወቅሁም ፀሐይ ጣሪያውን እስክታገኘው ቆሜ ጠበቅሁ። ቆርቆሮው ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ቀስቷ አልተነሣችም።

«እማ! የቱ ይሻላል እኮ ነው የምልሽ?» አለች ሰናይት።

«ታንከሩ ወፍራም የሆነው።»

«እንደ አባዬ ማታ ማታ ማስተንፈስ አለብኝ አይደል?»

«አዎ፣ አለብሽ» አልኳት። «ሲመጣ ግን የመጀመሪያውን ንፋስ እኔ ልሙላው። የዚያን ቀን ማታ አታስተንፍሺው።»