ደሜ ሲረሳ ጌታ አልረሳኝም

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። መዘመር አላውቅበትም፤ ወሬ ላይ ግን ታውቁኛላችሁ! ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀመጥ ሆዴ አይችለውም። ስሙ ይባረክ!

እኔ እዚሁ ከወልቂጤ በታች፣ ቆላ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። በልጅነቴ ወባ እየጣለች እያነሳች አሠቃየችኝ፤ በኋላ ግን ለመደችኝና ተወችኝ። ሌላው ብርድ ልብስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ እኔ ውሃ እቀዳ ነበር። ያኔ የጌታን ስም በአፌ እጠራለሁ እንጂ የምመካው በደሜ ነበር። ከዚያ አረቅጥ ተዳርኩ። ደጋ ነው፤ ወባ የሚባል የለም። ሦስት ዓመት ኖሬ አረገዝኩ። ጣሊያን ገብቶ ስለነበር ባሌ ጫካ ነው። መስከረም ሲጠባ፣ እንደ ወጋችን የመጀመሪያ ልጄን እናቴ ቤት ልወልድ ተነሳሁ።

አማቴ በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ወጉ ይቅርብሽ። ዝናቡ ገና መቆሙ ነው፤ ቆላው በወባ እየነደደ ነው። አንቺም ከወጣሽ ሦስት ዓመት ሆነሽ፤ ደምሽ ወባዋን ረስቷል» አሉኝ።

ምላሴ መች ያርፋል! «እማማ፣ ወባና እኔ አብሮ አደግ ነን። የደጋ ሰው ይፍራ!» አልኳቸው። ቡላ ቋጥረው ሸኙኝ።

ወገኖቼ፣ በሦስተኛው ሳምንት አብሮ አደጌ መጣችልኝ! ብርድ፣ እሳት፣ እንደገና ብርድ። ከሁሉ የባሰው ግን ልጁ መንቀሳቀስ ተወ። እናቴ እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፤ እኔ ፊቷን አያለሁ። ጎረቤቱ ደግሞ፣ «ኪኒን እንዳትውጥ፣ ፅንስ ያስወርዳል» ይላል።

እናቴ በቃሬዛ አሸክማ መድኃኒት የሚሰጥ አንድ ድሬሰር ዘንድ ወሰደችኝ። ከከምባታ የመጣ አማኝ ነበር። «እህቴ፣ የቆላ ሰው ደሙ ወባን ያውቃታል፤ ሲርቅ ግን ይረሳል። በመጀመሪያ እርግዝና ደግሞ ከቆላ ያልራቀች ሴትም ትሸነፋለች፤ ወባዋ ማህፀን ውስጥ ትደበቃለች። ይልቅ የሚያስወርደው ትኩሳቱ ነው፤ ኪኒኑን ዋጪ» አለኝ።

«ልጄ ቢሞትስ?» ብዬ አለቀስኩ።

ተነስቶ በሩን ዘጋ፤ ያኔ ጣሊያን ከልክሎ ስለነበር እንደኛ እምነት በግልጽ መጸለይ ያስፈራ ነበር። «እኔ ኪኒን እሰጣለሁ፤ ልጅሽን የያዘው ግን ሌላ ነው። ለእሱ አደራ ትሰጫለሽ?» አለኝ።

ያ ሁሉ ኩራቴ የት ገባ! «ጌታ ሆይ፣ ደሜ አላዳነኝም፤ አንተ አድነን» አልኩ። ዋጥኩት፤ እንደ እሬት መረረኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእሱ ነኝ። ሃሌ ሉያ!

በአራተኛው ቀን ጠዋት እናቴ የአማቴን ቡላ ስታጎርሰኝ፣ ሆዴ ውስጥ አንድ እርግጫ! እናቴ ማንኪያዋን ጥላ እልል አለች። ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ክብር ለስሙ! አማቴ ሲያዩዋት፣ «ይቺ ሰው ናት ወይስ ጫጩት?» አሉ። ተረፈች አልናት። ጣሊያን ወጥቶ አባቷ ከጫካ ሲመለስ በዳዴ ተቀበለችው።

በኋላ ሁላችንም ወደዚህ ወረድን፤ ጫጩቷም እዚሁ አደገች። አሁን እሷም እንደኔ ደጋ ተድራ የመጀመሪያዋን አርግዛለች። «እማዬ፣ እንደ ወጉ ልምጣ?» ብላ ላከችብኝ።

ወገኖቼ፣ ዛሬም የምትመኩበት ነገር ካላችሁ እሱ ይረሳችኋል፤ የማይረሳውን ታመኑ። ለልጄም፣ «አንቺ እዚያው ተቀመጪ» ብያታለሁ። ቡላዬን ቋጥሬያለሁ፤ ነገ ማለዳ እኔ እወጣለሁ።