አሰልጣኛችን የሚዘልሉት የውድድር ዘመን

መጀመሪያ የተሰማኝ ክብደት እንጂ ሕመም አልነበረም። ቀኑን ሙሉ በአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያና በኤርፖርቱ መካከል ታክሲ ስነዳ ውዬ ስወርድ ግራ ባቴ ውሃ እንደተሞላ ከረጢት ከበደኝ። በማግስቱ አበጠ፤ ቆዳው ተወጥሮ ይሞቅ ጀመር። በእግር ኳስ ልምምድ ላይ ተመትቼ ስለነበር ምክንያቱን ያወቅሁት መሰለኝ።

በምንኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ የታመመ ሐበሻ ሐኪም አያጣም። አንዱ ወለምታ ነው አለ፤ ሌላው ብርድ። አብሬያት የምኖረው አክስቴ እትዬ አልማዝ በፎጣ ጠቀለለችው። ሁሉም የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ መታሸት አለበት። ስለዚህ እሑድ ዕለት ታኮማ ፓርክ በሚገኘው የልምምድ ሜዳ ዳር፣ በቡድናችን ወጌሻ በጋሽ ታደሰ ፊት እግሬን ዘረጋሁ። ዘይታቸውን መዳፋቸው ላይ አፍስሰው፣ "ጥርስህን ንከስ" አሉኝ።

እዚህ ላይ አሰልጣኛችንን ላስተዋውቅ። ጣሊያናዊ ናቸው፤ በአገራቸው ዝቅተኛ ዲቪዚዮኖች በተከላካይነት የተጫወቱ። ስለ ሽበታቸው ጋሽ ሬናቶ እንላቸዋለን። የሚያውቁት አማርኛ ሦስት ቃል ነው፤ ሦስቱም ትእዛዝ፦ ቁም፣ ተመለስ፣ ዝጋ። ከየልምምዱ በኋላ በዝናብ ውስጥ አንድ ዝነኛ አጥቂ እንዴት አላላውስ እንዳሉ በእንግሊዝኛ ይተርኩልናል። ትረካው ማለቂያ የለውም፤ ሲያልቅ ግን ሁልጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ "ከዚያ አሰልጣኝ ሆንኩ።" በዝናቡና በአሰልጣኝነቱ መካከል ምን እንደነበረ ማንም አልጠየቀም። መጠየቅ ትረካውን ያስረዝማል ብለን ፈራን።

የዚያን ዕለት ፊሽካቸውን በአፋቸው እንደያዙ መጡና የጋሽ ታደሰን የእጅ አንጓ ያዙ።

"ቁም" አሉ። ሁለቱን ባቶቼን በመዳፋቸው አነጻጸሩና በእንግሊዝኛ ቀጠሉ። "ይህ ጡንቻ አይደለም። ሆስፒታል፤ አሁን።"

"እኔ የስንቱን እግር ሳቀና እሱ የት ነበር?" አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ለእኔ።

በሁለቱም ተናደድኩ። በገዛ እግሬ ላይ ድምፅ ያልነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጋሽ ሬናቶ ግን መኪናቸውን አስነሥተው ነበር።

አልትራሳውንድ አነሡኝ። ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የሚቀመጥ ሐኪም አልወድም።

"በጥልቁ ደም ሥርህ ውስጥ ደም ረግቷል። ዲፕ ቬይን ትሮምቦሲስ ይባላል። ቢታሽ ኖሮ ተቆርጦ ወደ ሳንባህ ሊሄድ ይችል ነበር። ያ ፐልሞነሪ ኢምቦሊዝም ነው።"

"ይገድላል?"

"ሊገድል ይችላል።"

ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ሄፓሪን ወጉኝ። ጋሽ ሬናቶ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከመርፌው አልነቀሉም።

ከዚያ በኋላ ዋርፋሪን የተባለው ደም የሚያቀጥን ኪኒን ታዘዘልኝ፤ መጠኑም አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ይለካ ጀመር፤ ቁጥሩ ግን አንዴ ሲወጣ አንዴ ሲወርድ፣ ኪኒኑን በሰዓቱ የምውጠው እኔ በየጊዜው እንደ ሐሰተኛ እጠየቅ ነበር። በመጨረሻ ሐኪሟ ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ከጌይተርስበርግ እስከ አሌክሳንድሪያ ያለ ጠያቂ ሁሉ ባዶ እጁን ላለመምጣት የያዘው ጎመን ነው፤ የመጣ እንዳይቀየምም ሁሉንም እበላ ነበር። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክማል።

"ጎመን ደግሞ ማንን ገደለ?" አለች እትዬ አልማዝ።

ሐኪሟ ጎመንን አልከለከለችም፤ ከሳምንት ሳምንት መጠኑ እንዳይለያይ ብቻ አዘዘች። ይህን ለጠያቂ ማስረዳት ከሕመሙ ይከብድ ነበር።

ክረምቱ ሲቃረብ የሐበሻ ቡድኖች ዓመታዊ ውድድር ደረሰ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግጭት ያለበት ጨዋታ አይጫወትም ተብያለሁ። አምበላችን ዳዊት ግን ቤት ድረስ መጣ።

"ኪኒኑን ለጨዋታው ስኪፕ አድርገው፤ ከዚያ ትቀጥላለህ። በግራ በኩል ሰው የለንም እኮ፣ ወንድሜ። ኮች ብቻ እንዳይሰማ።"

ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁት ውድድር ነበር። ኪኒኑን ለመተው ወስኜ ማሊያዬን ልጠይቅ ወደ ጋሽ ሬናቶ ሄድኩ። "መድኃኒቱን ጨርሰሃል?" አሉኝ። እጄን ለማሊያው ዘረጋሁ። እምቢ አሉ። ትዕግሥቴ አለቀ።

"ዕድሜዎን በሜዳ ላይ አሳልፈው ይህ እንዴት አይገባዎትም?"

ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። አንዱ ባታቸው ከሌላው ይወፍራል፤ ቆዳው ጠቁሯል።

"ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ነበር። ደም ረጋብኝ። ይህንኑ ኪኒን ሰጡኝ። ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን የሚያሳልፈን ጨዋታ መጣ። ኪኒኑን ተውኩ። ተጫወትኩ፤ አሸነፍን። በአውቶቡስ ስንመለስ ሁሉም ይዘፍናል፤ እኔ አየር አጣሁ። እየሳቅሁ መስሏቸው ነበር።" ሱሪያቸውን መለሱ። "ከዚያ አሰልጣኝ ሆንኩ።"

አልተጫወትኩም። ቡድናችን ተሸነፈ፤ ሽንፈቱም ለእኔ ተሰጠ።

ዛሬ መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ ጨርሻለሁ፤ ወደ ሜዳም በሐኪም ፈቃድ ተመልሻለሁ። ብዙ መቀመጥ ደም ስለሚያረጋ ታክሲዬን በየመሐሉ አቁሜ እራመዳለሁ። ሐኪሟን አመሰግናለሁ። ጎመኑን በአንድ ሲኒ እየለካች ታቀርብልኝ የነበረችውን አክስቴን አመሰግናለሁ። ጋሽ ታደሰንም፤ አሁን አንድ እግሩ ብቻ ያበጠ ሰው ሲመጣባቸው ዘይታቸውን ሳይከፍቱ ወደ ሐኪም ይልካሉ፤ ነገሩን ራሳቸው እንደደረሱበት አድርገው ማውራታቸውን ይቅር ብያለሁ።

እናንተም አንድ ባታችሁ አብጦ ከሞቀ አታሳሹት፤ ለሐኪም አሳዩት። ትንፋሽ ካጠራችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ጾማችሁን ጭምር ለሐኪማችሁ ንገሩ። መድኃኒቱን ማንም ቢለምናችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ጋሽ ሬናቶ ለአዳዲስ ተጫዋቾች አሁንም ያንን ዝናብ ይተርካሉ። "ከዚያ አሰልጣኝ ሆንኩ" ብለው ሊነሡ ሲሉ፣ በራሳቸው አማርኛ፣ "ይመለሱ" እላቸዋለሁ። በቁጣ ያዩኛል። ከዚያ ይቀመጡና ሱሪያቸውን ይሰበስባሉ።